የደረቀ አበባ ቀለም

ገብረየስ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት፣ ዕድሜ ልኩን ከሰበሰባቸው ዕፅዋት መካከል ነው። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን በሳንቃ ተመትቷል። በዙሪያው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የደረቁ ተክሎች በወረቀት ላይ ተሰፍተው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የት፣ መቼና በማን እጅ እንደተነቀለ ተጽፎበታል። መቶ አለቃ ወልደአማኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ያንን ሁሉ ጽሑፍ አየ። በዚያ በ1970 ዓ.ም. ጠዋት ጠዋት አዋሳ መንገድ ዳር ወድቀው ለሚገኙት ሰዎች ይህን ያህል እንኳ አልተጻፈላቸውም። አምና እሱ ራሱ አንድ አስተማሪን፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ፈርሞ ለሞት አሳልፎ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ወልደአማኑኤል በየገባበት ክፍል፣ የሞተው አስተማሪ ጥግ ላይ ቆሞ ይታየዋል። ዛሬም ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር።

«ገዳዩ ተይዟል፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ሽፈራው፤ በሹመት ከመጣ ዓመት ያልሞላው የምርምር ጣቢያው ኃላፊ። «ሾፌሩ ኩማ ነው። ሳንቃው ከመኪናው የወረደ ነው። አብዮት ጥበቃዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይረከቡታል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

ስድስት ሰዓት ላይ የተረከቡት ሰው ሰባት ሰዓትን እንደማያይ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ገና ሦስት ሰዓት ነው» አለ ወልደአማኑኤል።

ኩማ ጋራዥ ውስጥ እጁን ታስሮ ተቀምጧል።

«ትናንት ከገብረየስ ጋር ከመስክ ስንት ሰዓት ገባችሁ?»

«አሥር ሰዓት ላይ፣ ጌታዬ። አንድ አዲስ ተክል ሰኞ ከተራራው ጫፍ ነቅለን፣ ተጭኖ እንዲደርቅ በሁለት ሳንቃ መካከል በጠፍር አሰርነው። ጋሼ ገብረየስ እንደ ልጅ ዘለለ! ‹ይህን የዱር ባቄላ እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈውም› አለኝ። ባቄላ ይበለው እንጂ ፍየልም አትቀምሰው።»

«ምን ይመስላል?»

«ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። አበባው ቢጫ፣ ልክ እንደ እንቁላል አስኳል። አንዱን ከነአፈሩ ለሚስቴ በቆርቆሮ አምጥቼላታለሁ፤ ላንድሮቨሩ ውስጥ ነው። እኔ አንድ ነገር የሆንኩ እንደሆን ውሃ አጠጡልኝ።»

አባይነሽ፣ የጣቢያው ሠዓሊ፣ ዓይኗ አብጦ ጠበቀችው። አዲሱን ተክል በሣለችበት ወረቀት ላይ ቅጠሉና ፍሬው ቀለም ተቀብተዋል፤ አበባው ግን ባዶ ነው።

«ይህን ለምን ተውሽው?»

«ተጭኖ የደረቀ አበባ ቀለሙ አይታመንም፣ ጋሼ። ይኸኛው ጭራሽ ይጠቁራል። እውነተኛው ቀለም እዚያው፣ ከመነቀሉ በፊት ነው ደብተር ላይ የሚጻፈው። የጋሼ ገብረየስ ደብተር ደግሞ ጠፍቷል።»

«የደረቀውን መቼ አየሽው?»

«ትናንት አሥር ተኩል ላይ የሳንቃውን ጠፍር ፈቶ ሲያወጣው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስወጣ በመስኮት ‹እርሳስሽን ረሳሽ!› ብሎ ሲጮህብኝ ዘበኛው ሰምቷል።»

ወልደአማኑኤል ወደ ሽፈራው ተመለሰ። «ከሟቹ ጋር ጠብ ነበረዎት ይባላል።»

«በምን ምክንያት? ተክሉን ያገኘሁት እኔ ነኝ! ከሁለት ሳምንት በፊት ተራራው ላይ ብቻዬን ወጥቼ፣ አበባውን በእጄ ይዤ እዚያው ጻፍኩት። ገብረየስን የላክሁት ተጨማሪ እንዲያመጣ ነው። ሞስኮ ጉባኤ ላይ የማቀርበውም እኔ ነኝ። ይኸው።» የጻፈበትን ወረቀት ሰጠው።

«ትናንት ያመጣውን አይተውታል?»

«የት አይቼው? ቤቴ ነበርኩ። ወደዚህ ክፍል የገባሁት ከእርስዎ ጋር ነው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በአንሶላ በተሸፈነው ሬሳ ዙሪያ ቆሙ። ኩማም ታስሮ መጣ። ወልደአማኑኤል ወረቀቱን አነበበ፦ «‹ቅጠሉ ባለ ሦስት። ፍሬው ፀጉራም። አበባው ጥቁር፣ እንደ ጥላሸት።›» ከዚያም የኩማን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አበባው ቢጫ ነበር።

«ተራራው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ጥቁሩን የሚያየው ከሳንቃው መካከል ያወጣው ብቻ ነው። ሳንቃው የተፈታው ትናንት አሥር ተኩል ላይ ነው። አባይነሽ ስትሄድ ገብረየስ በሕይወት ነበር። ጠዋት ዘበኛው ሬሳውን ካየ ጀምሮ በሩ ላይ ቆሞ ማንንም አላስገባም። ስለዚህ፣ ጓድ ሽፈራው፣ ይህን የጻፉት ትናንት ማታ፣ እዚህ፣ ከገብረየስ ጎን ነው። ኩማ ቢሆንማ ቢጫ ይል ነበር።»

ሽፈራው ቢጫውን አበባ ትኩር ብሎ አየው።

«ስሜን ከስሙ ጎን እንዲያስገባ ብቻ ነበር የለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «‹አንተ ስምህን በሬሳ ላይ ጻፍ እንጂ በተክል ላይ አትጽፍም› አለኝ። ሳቀብኝ። ደብተሩንም በንዴት ሳልገልጠው አቃጠልኩት።»

በሩ ተከፈተ። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ሙክታር የኩማ ስም የሰፈረበትን ወረቀት ይዞ ገባ።

«ይህ ሰው ነፃ ነው» አለ ወልደአማኑኤል።

«እንግዲያው ገዳዩን ስጡን።»

ወልደአማኑኤል አስተማሪው ወደቆመበት የክፍሉ ጥግ አየ። «እሱንም አልሰጥም። ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው።»

«ነገ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት!»

«ይጠይቁኛ።»

ሙክታር ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ፖሊሶቹ ሽፈራውን ሲወስዱት ወልደአማኑኤል የኩማን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ።

«በል ሂድ፣ ቶሎ። ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ኩማ አልተንቀሳቀሰም። «የጋሼ ገብረየስ እናት፣ እማማ ዘነበች፣ የሚኖሩት ይርጋለም ከተማ ነው። ከቤታቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔው ነኝ።»

ሬሳውን ላንድሮቨሩ ላይ ጫኑት። ኩማ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ ዞረ።

«መንገዱ ጎርባጣ ነው፣ ጌታዬ። ራሱን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል።»

ወልደአማኑኤል ቆቡን አውልቆ ከኋላ ወጣ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦም የገብረየስን ራስ ጭኑ ላይ አስደገፈ።