የቲባሳ ሰዎች የጠጡት ውሃ

የኤቬሊዮ ቲባኪራ አስከሬን የተገኘው መንደሩ ሁሉ ቁርሱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የቲባሳን ሰው እስከ ዛሬ የሚያንገፈግፈውም ይኸው ነው።

በዚያ ጠዋት የቧንቧው ውሃ እየሳሳ ሄዶ መንጠባጠብ ጀመረ። የመንደሩ የውሃ ማኅበር ሊቀ መንበር ዶኛ ኤዴልሚራ ኬካን፣ «ያ ሽማግሌ ዛሬም ማጣሪያውን ሳይጠርግ ተኛ!» እያለች ወደ ኮረብታው ወጣች። ገንዳውን የሚጠብቀው፣ የሚያጸዳውም ኤቬሊዮ ነበር። ጓጉንቸሩን በራሷ ቁልፍ ከፍታ የብረት ክዳኑን ስታነሳ መጀመሪያ ያየችው ግራጫ ሩዋና ነው፤ ሽማግሌው ክረምት ከበጋ ከትከሻው የማያወርደው የሱፍ ካባ። ጫፉ የመውጫውን ቱቦ ደፍኖታል። ከካባው ሥር ሰውየው በፊቱ ተደፍቷል።

ጩኸቷ ታች ድረስ ተሰማ። ወሬው እንደ ደረሰ በየጓሮው የሚያስመልሰው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። ሁሉም በዚያ ውሃ ሾርባውን ሠርቷል፣ ፓኔላውን፣ ያን የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ አፍልቶ ጠጥቷል፣ ልጆቹን አጠጥቷል።

መርማሪ ኦቱሊያ ኔውታ ከወረዳው ከተማ ስትደርስ ሐኪሙ አስከሬኑን ሣር ላይ አስተኝቶት ነበር። ኦቱሊያ ጠና ያለች፣ አጭር፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ለአፍታ ቆማ ቁልቁል ተመለከተች። ከቦጎታ በኩል የመጡት ቀይ የጡብ ፎቆች የኮረብታው ግርጌ ደርሰዋል። እሷ ያደገችበት መንደር ዛሬ የለም፤ እናቷ ድንች ትተክልበት የነበረው ማሳ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ ታወልቅ ጀመር።

«የሞተው ውሃ አፍኖት ነው» አለ ሐኪሙ። «ግንባሩ ላይ የምት ምልክት አለ፤ የሚገድል ግን አይደለም።»

«ተንሸራትቶ ገብቶ ይሆናላ» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ከገባ በኋላ ክዳኑን በላዩ ላይ ማን ቆለፈው?» አለች ኦቱሊያ። ወደ ኤዴልሚራም ዞረች። «ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሱ አንገት ላይ በጠፍር።»

«አንገቱ ላይ የለም።»

ኤዴልሚራ ፊቷ አመድ መሰለ። «እንግዲህ እኔን መጠርጠርዎ ነው?»

«ለጊዜው ሁሉንም ነው የምጠረጥረው። ይህን ይዩልኝ እስቲ።» ኦቱሊያ የጫማውን ውስጥ አሳየቻት። ከካልሲው ጋር ተጣብቀው ምስር የሚያህሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ነበሩ። «ገንዳው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይበቅላል?»

«ምን ሲባል! ፀሐይ የማያየው፣ ክሎሪን የምናደርግበት ውሃ ነው። ይሄ የረግረጉ ቅጠል ነው፤ ታች ያለው።»

«ከረግረጉ እዚህ ድረስ መኪና ይወጣል?»

«እንኳን መኪና ሞተር አይወጣም። በእግር ነው፤ አለዚያም በከብት።»

ኦቱሊያ የእግር መንገዱን ጭቃ ስታይ ቆየች። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ውሃ የጠጣ ሩዋናም ክብደቱ ሌላ ሰው ያህላል። ታች የሞተውን ሰው እስከዚህ ድረስ ተሸክሞ ያመጣው የሰው ትከሻ አልነበረም።

መንደሩ ግን ገዳዩን አስቀድሞ አግኝቶታል። «መሐንዲሱ ነው!» ይላል ያገኘችው ሁሉ። መሐንዲስ ፋብሪሲዮ ሌይቫ ኮረብታው ሥር ፎቅ የሚሠራው ድርጅት ሰው ነው። ለአዲሶቹ ቤቶች የመንደሩን ምንጭ ይፈልጋል፤ እሁድም የውሃው ማኅበር ድምፅ ሊሰጥበት ነበር። ትናንት ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ከኤቬሊዮ ጋር ተጨቃጭቋል።

ኦቱሊያ ለማሳያ በተሠራችው አፓርታማ ውስጥ አገኘችው። ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ ገና አልተነሳም።

«ምን አሉት ትናንት?»

«‹አንድ ሽማግሌ መቶ ቤት ውሃ አይከለክልም› አልኩት። መጥፎ ንግግር ነው፤ አምናለሁ።» ወጣቱ መሐንዲስ ላቡን ጠረገ። «ግን መርማሪ፣ እኔ ይሄን ድምፅ ላሸንፍ ተቃርቤ ነበር። አሁን ማን እሺ ይለኛል? ቢያገኙኝ ይሰቅሉኛል እኮ!»

«ሽማግሌው ምን መለሰልዎ?»

መሐንዲሱ አሰበ። «ገርሞኝ ነበር። ‹አንተስ ቢያንስ ከፊት ለፊት ነው የምትመጣው› አለኝና ወጣ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

ኦቱሊያ ይህን ቃል ይዛ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ከኤቬሊዮ ጋር የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ያይር ነው፤ በአበባ እርሻ የሚሠራ፣ መሬቱ ተሸጦ ከተማ መግባት እንደሚፈልግ የማይደብቅ ጎረምሳ። በሩ ላይ ተቀምጦ ባልዲ አቅፏል። ምድጃው ላይ የፓኔላው ውሃ እንደተጋመሰ ነው።

«ሁለት ኩባያ ነው የጠጣሁት» አለ እያቃሰተ። «አጎቴን ነው የጠጣሁት፣ ገባሽ… ገባዎት?»

«ማታ ሳይመጣ ሲቀር አልፈለግኸውም?»

«አንዳንዴ አበልጁ ቤት ቢራ ሲጠጣ እዚያው ያድራል። ዶን ቤላርሚኖ ጋ። አጎቴ የእሱ ልጅ የኔሊ የክርስትና አባት ነው።»

«መሬቱ አሁን ያንተ ነው አይደል?»

ያይር ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «ይሸጥ ብዬ በየቀኑ ነዝንዤዋለሁ፤ እሱም በየቀኑ ሰድቦኛል። ‹አንተ ፎቅ ናፋቂ› ይለኝ ነበር። ስድቡን ነው አሁን የማጣው።»

ቤላርሚኖ ሶቻ የሚኖረው ረግረጉ ዳር ነው። ትልቅ ሰውነት ያለው ወተት ሻጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የወተት ጣሳዎቹን በባዝራው ጭኖ እስከ አስፋልቱ ያወርዳል። በስብሰባ ሁሉ ደረቱን እየመታ «አንድ ጋት መሬት አንሸጥም!» የሚለው እሱ ነው። መርማሪዋን ሲያይ አለቀሰ፤ ለቅሶውም የእውነት ነበር።

«አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፣ የኔ እመቤት። ያ መሐንዲስ ቤቱ ይፍረስበት!»

«ትናንት አይተውታል?»

«አላየሁትም። ከላሞቼ ጋር ነበርኩ።»

ልጁ ኔሊ ሕፃን አዝላ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል። «ይቀመጡ፣ ወተት ላምጣልዎ። ውሃውን እንኳ እኛ ቤት ማንም አልቀመሰውም፤ እግዜር ነው የጠበቀን።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ዛሬ ቁርስ የሠራው አባዬ ነዋ!» እንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። «ዕድሜውን ሙሉ ድስት ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ስነሳ ቻንጓ፣ የወተት ሾርባችንን፣ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጠብታ ውሃ የሌለው፣ ወተት ብቻ! የቀዳሁትንም ውሃ ደፍቶ ከሸለቆው ወንዝ ባልዲ ሞልቶ መጥቷል። ‹ዛሬ ቧንቧውን እንዳትነኪ› አለኝ።»

«ዝገት ነበረው» አለ ቤላርሚኖ ፈጠን ብሎ። «ቀይ ነበር ውሃው።»

ኦቱሊያ ወተቱን አመስግና ጠጣች። ስትወጣ በረቱን አልፋ ባዝራዋን ቆም ብላ ዳበሰቻት። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጆንያ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ገና እርጥብ ነው። ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ ረግረጉ ወረደች።

ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ቀርባ የሸፈኑትን የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች ስታነሳ ግን ከሥሩ የተሰባበረ ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ የመጸዳጃ ቤት ሸክላ ወጣ። የረግረጉ ግማሽ በከተማ ፍርስራሽ ተደፍኗል። እዚያው ቆማ ብዙ አሰበች። ንዴቷ እስኪበርድ ነበር የምትጠብቀው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁሉንም በመንደሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። መሐንዲሱ በፖሊስ ታጅቦ ሲገባ ሰዉ አጉረመረመ። ኤዴልሚራ፣ ያይር፣ ቤላርሚኖና ኔሊ ከፊት ተቀመጡ።

«ዶን ኤቬሊዮ ገንዳው ውስጥ አልሞተም» ብላ ጀመረች ኦቱሊያ። «ጫማው ውስጥ የረግረጉ ቅጠል ሞልቷል። የሞተው ታች ነው፤ ከሞተ በኋላ ወደ ላይ ወሰዱት፣ በራሱ ቁልፍም ቆለፉበት።»

«መሐንዲሱ ነዋ!» ጮኸ አንዱ።

«መሐንዲሱ የሚነዳው ፒክአፕ ያን መንገድ አይወጣም። ሟቹ በከብት ነው የተጫነው፤ ጭነት ማሰር በሚያውቅ ሰው፣ መንገዱን በሚያውቅ ከብት። ገዳዩ የዚህ መንደር ሰው ነው።»

ኦቱሊያ ከፊት የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ታዲያ ከመካከላችሁ ማን? ዶኛ ኤዴልሚራ ቁልፍ አላት። ያይር መሬቱን ይወርሳል። ግን ሁለቱም በዚያ ጠዋት ከዚያ ውሃ ጠጥተዋል፤ ዶኛ ኤዴልሚራ እስካሁን ሆዷ አልረጋም። ገንዳው ውስጥ ሬሳ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያን ውሃ አይጠጣም። እኔም የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ምንም ሳያውቅ፣ ያልጠጣው ማን ነው?»

ኔሊ ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች። ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

«ዶን ቤላርሚኖ፣ ውሃው ዝገት ነበረው አሉኝ። ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ‹ሳሳ› እንጂ ‹ቀላ› ያለኝ አንድም ሰው የለም። የባዝራዎ ጆንያ ላይ የረግረጉ ቅጠል ተጣብቋል። ወተት ደግሞ ረግረግ ውስጥ አይጫንም።»

«አበልጄን ለምን እገድላለሁ?» አለ ቤላርሚኖ።

«ረግረጉ የእርስዎ ነው፤ ረግረግ መሬትን ግን ሕጉ አይሸጥም ይላል። ደረቅ መሬት ይሸጣል። ማታ ማታ የከተማ ፍርስራሽ እያስደፉ ሲያደርቁት ነበር፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደረትዎን እየመቱ። ዶን ኤቬሊዮ ደረሰበት። ለመሐንዲሱ ‹አንተስ ከፊት ለፊት ነው የምትመጣው› ያለውም ከኋላ የሚመጣውን ስላወቀ ነው። ረግረጉ ውስጥ ቢገኝ ሁላችሁም ወርዳችሁ ፍርስራሹን ታዩ ነበር። ገንዳው ውስጥ ሲገኝ ግን ዓይናችሁ ሁሉ መሐንዲሱ ላይ ሆነ።»

ቤላርሚኖ ትላልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«አልደበደብኩትም» አለ በመጨረሻ። «‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ፤ ገፋሁት። ጭንቅላቱ ጡቡ ላይ አርፎ በፊቱ ወደቀ። ሩዋናው ውሃ ጠጥቶ ከበደው። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።»

«ለምን አልዘረጉም?»

«አሰብኩ። ጉልበቴ አልቋል፤ ወተቱን የሚገዛኝ የለም፤ ለኔሊና ለልጇ የምተወው ሌላ ምን አለኝ ብዬ አሰብኩ። እያሰብኩ ሳለ… ዝም አለ።»

ኤዴልሚራ ተነስታ ፊቱ ቆመች። ሰዉ የምትመታው መስሎት ነበር።

«መግፋትህን ልረዳ እችል ይሆናል» አለች። «ሰው ይናደዳል። ግን ጎህ ሲቀድ የራስህን ቤት ውሃ ደፍተህ ወንዝ ወረድህ። በእኔ ደጅ ነው ያለፍከው። የልጅ ልጆቼ ቧንቧው ሥር ቆመው ነበር፤ ሰላም ብለውሃል። አልፈሃቸው ሄድክ፣ ቤላርሚኖ!»

ቤላርሚኖ ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኔሊን ሊያይ ዞረ፤ ኔሊ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረች።

ሰዉ ገና ከአዳራሹ ደጅ ሳይበተን መሸ፤ አንድ ፍርስራሽ የጫነ መኪናም እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ምን ሆናችኋል፣ ሰርግ ነው? ዶን ቤላርሚኖ የለም? የረግረጉን በር ማን ይክፈትልኝ?»

መሐንዲሱ ጫማውን ያያል። ያይር ወደ ኤዴልሚራ ተመለከተ። በዚህ መካከል ኔሊ ሕፃኗን ለኤዴልሚራ አቀበለችና መንገዱ መሀል ገብታ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆመች።

«የመሬቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች። «መልስ።»

«እንዴት እመልሳለሁ? ተነጋግረናል እኮ! የት ልድፋው ይሄን ሁሉ?»

«አላውቅም። እዚህ አይደፋም።»

ያይር ሄዶ ከጎኗ ቆመ። ከዚያ ሌሎችም እየቀረቡ መንገዱን ሞሉት። ሹፌሩ ተሳደበ፤ ከዚያ ሳቀ።

«እሺ፣ እሺ! ታች ያለው መንደር ሰዎች ‹እኛ ጋ ድፋልን› እያሉ እየለመኑኝ ነው።»

ወደ ኋላ ብሎ ዞረና ቁልቁል ወረደ። የሞተሩ ድምፅ የታችኛው መንደር መገንጠያ ጋ ሲደርስ ዝግ አለ፤ ወደ ግራ ሲታጠፍም ኦቱሊያና የቲባሳ ሰዎች ቆመው ሰሙት።