ከሽቦዋ ጫፍ የመጣው ምት

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ።

የልብ ምርመራ ክፍል ውስጥ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ቀኝ እጄ ታስሯል። ከአንገቴ በታች በጨርቅ ተሸፍኛለሁ። ግን ነቅቻለሁ... ሁሉንም አያለሁ፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈውን ሁሉ "አይዞህ፣ ተረጋጋ" ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ተራው የኔ ሆነ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለኝ ዶክተሩ። "አንዱ የልብህ ደም ስር ጠቧል። ፀጉር የምታክል ሽቦ በእጅህ አንጓ በኩል እናስገባለን። ጫፏ ላይ የግፊት መለኪያ አላት። ከጥበቱ ማዶ ያለው ግፊት በቂ ከሆነ መድኃኒት ይዘህ ትሄዳለህ። ካልሆነ ስቴንት የሚባል፣ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ እናስገባልሃለን።"

"ዛሬ ቤቴ እገባለሁ?"

"ስቴንት ካላስፈለገህ ትገባለህ።"

የፈለግኩት እሱን ብቻ ነበር። ታናሽ እህቴ ውጭ ጫማዬን ታቅፋ እየጠበቀችኝ ነው።

ሽቦዋን አስገቡ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ። ቀዩ ከጥበቱ በፊት ያለው ግፊት ነው። አረንጓዴው የሽቦዋ ጫፍ።

የደም ስር የሚከፍተውን መድኃኒት ሲሰጡኝ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። አየር አጠረኝ። መነሳት አልችልም።

"አሁን ያልፍልሃል" አለችኝ ሲስተር።

ዶክተሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"አረንጓዴው በለጠ እኮ..." አለ በሹክሹክታ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ግማሹ የተዘጋ ቧንቧ ማዶ ላይ ውሃው አይበረታም። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

"ሁለቱን መስመሮች እኩል አድርገህ ነበር?" ብሎ ስክሪኑ አጠገብ የቆመውን ባለማሽን ጠየቀው።

ባለማሽኑን ላብ አጠመቀው። "ረ... ረስቼው ነው ዶክተር።"

ለካ ሽቦዋ ጥበቱን ከማለፏ በፊት መስመሮቹ እኩል መደረግ አለባቸው። አለዚያ ልኬቱ ውሸት ነው። እፎይ አልኩ። የሰው ስህተት ነው!

ዶክተሩ ሽቦዋን ጎትቶ አወጣት። ሲስተር ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጠቻት።

ቀዩ መስመር ሽቦዋ ካለፈችበትና እጄ ውስጥ ከቀረው ቱቦ የሚመጣ ነው። ቶሎ ቶሎ ይመታል። ፈርቻለኋ!

አረንጓዴው ዝም ማለት ነበረበት...

አላለም።

ሽቦዋ ሳህን ውስጥ ሆና ትመታለች። ቀስ ብላ... በጣም ቀስ ብላ።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አለች ሲስተር።

ዶክተሩ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለ።

"አሁን እኩል ላድርጋቸው?" አለ ባለማሽኑ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው።

"ቆይ—" አለ ዶክተሩ።

ተጫነው።

እኩል ሲደረጉ ሁልጊዜ ወደ ቀዩ የሚሄደው አረንጓዴው ነው አሉ። ያን ቀን ቀዩ ወደ አረንጓዴው ሄደ።

ልቤ አንዴ መታ... ቆየ... ቆየ... ደግሞ መታ። በእያንዳንዱ ምት የሳህኑ ውሃ ይርገበገባል።

"ፍቱኝ! በፈጠራችሁ ፍቱኝ!"

"አትንቀሳቀስ" አለ ዶክተሩ። የሚያየው እኔን አይደለም። ሳህኑን ነው።

ሲስተር ደንግጣ ሳህኑን ልትደፋ አነሳችው። ወዲያው ዓይኔ ጨለመ።

"መልሺው!"

መለሰችው። ክፍሉ እንደገና ታየኝ።

ይኸው አስራ አንድ ቀን ሆነኝ፤ ቤቴ አልገባሁም። ሳህኑ ክዳን ተደርጎበት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል። እንዳልነካው አስጠንቅቀውኛል። ዶክተሩ በጠዋት ይመጣል፣ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ያያል፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እህቴም "መቼ ነው የምትወጣው?" ማለቱን ትታዋለች።

ዛሬ ከሰዓት ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። እኔም አላስችል አለኝ... ክዳኑን አነሳሁት።

ውሃው ይርገበገባል።

ሽቦዋ የለችም።

"እህቴ... ተነሽ" አልኳት በሹክሹክታ። አልሰማችኝም።

እጇን ያዝኩ። ምቷ አንዴ መጣ... ቆየ... ቆየ... ከኔው ጋር እኩል ደግሞ መጣ።

እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰብኩት።

አንጓዋ ላይ፣ እኔን በወጉኝ ቦታ ላይ፣ ፀጉር የምታክል ነገር እያብረቀረቀች ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች።