አስራ ሁለተኛው ትሪ

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዶክተር ቲጃኒ በስስ ሸሚዝ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። ክፍሉ ጅሬን ተራራ ግርጌ ባለ የግል የዘር ምርምር ጣቢያ ውስጥ የስንዴ ችግኝ ስድስት ሳምንት ብርድ የሚጠግብበት ነው። አስም ላለበት ሽማግሌ ግን አንድ ሌሊትም ብዙ ነው።

ኢንስፔክተር ሩፈይዳ ሦስቱን ሠራተኞች አነጋገረች። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ንግስት እሑድን አሰንዳቦ ሰርግ ላይ ነው የዋለችው። ቅዳሜ አስራ ሁለት ትሪ ችግኝ ቆጥራ ወጥታለች፤ ከሬሳው አጠገብ የተገኘው ግን አስራ አንድ ነው። ተመራማሪው አኒስ እሑድ ግሪንሃውሱን ውኃ ሲያጠጣ እንደዋለና ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ዝር እንዳላለ ማለ። ዘበኛው አባ ጠሃ ግን አልካዱም።

«እሑድ በሩን ከውጭ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ሰው መኖሩን አላወቁም?»

«ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ነበር፣ ልጄ። ያለን አንድ ካፖርት ነው፤ የገባ ሰው ይለብሰዋል። ከተሰቀለ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው። ወላሂ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአስር ሰላት ሰዓት እሱን አይቼ ነው የምቀረቅረው።»

ካፖርቱን ማን መልሶ ሰቀለው? ሩፈይዳ ጠረጠረች፤ ጥርጣሬ ግን ሰው አያስርም። ከሸቤ በላይ ካለው ደጋ ገበሬዋ ወይዘሮ ዘይቡ ወደ ጣቢያው በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። አኒስ «ብርድ አይሻም» ብሎ የሰጣቸውን ዘር በሰኔ ማሳቸው ሁሉ ላይ ዘርተውት ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ዶክተሩ ሞተው በተገኙበት ሰኞ ኑ ብለዋቸው ነበር። ዝናብ ሳያልፍ ማሳውን ገልብጠው ሽምብራ ይዝሩ እንደሆነ ሲጠይቁ አኒስ ታገሡ ይላቸዋል። እሳቸውም አመኑት። ምን ያድርጉ?

ጥቅምት ላይ አኒስ ዛላ ያወጣ አንድ ትሪ አሳያቸው። ብርድ ሳይነካው አበበ አለ። ሩፈይዳ ይህን ስትሰማ የትሪውንና የወይዘሮ ዘይቡን ማሳ ቅጠል ንግስት እንድትመረምር አዘዘችና ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«ይህ ስንዴ አበባ የሚከለክል ፕሮቲን አለው» አለች ሩፈይዳ። «ብርድ ሲሰነብትበት ኢንዛይሞች ሌላ ጂን ይከፍታሉ፤ ያኔ ከልካዩ ይጠፋል። የደጋችን ብርድ አይበቃውም። በወይዘሮ ዘይቡ ማሳ ቅጠል ላይ ከልካዩ አለ፤ ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ በዚህ ትሪ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ይህ ትሪ ብርድ ጠግቧል፤ የጠፋው አስራ ሁለተኛው ትሪ ነው። ቅዳሜ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ነበር፤ እሑድ ያወጣው አኒስ ነው። ዶክተሩ ዘሩ ብርድ እንደሚሻ ለገበሬዎቹ እውነቱን ሊነግሩ ነበር። አኒስ ካፖርቱን ለብሶ ገባ፣ አንዴ ይዩልኝ ብሎ ዶክተሩን አስገባቸው። ችግኝ ላይ እንዳጎነበሱ ትሪውን ይዞ ወጣና ካፖርቱን ሰቀለ። የአስር ሰላት ሰዓት ደርሷልና የቀረውን አባ ጠሃ እንደልማዳቸው እንደሚጨርሱት ያውቃል።»

አባ ጠሃ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ አለቀሱ፤ የሚያጽናናቸው ጠፋ።

ወይዘሮ ዘይቡ አኒስ ሲታሰር ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«ልገልብጠው እንዴ ታዲያ?» አሉ።

ንግስት ዝናቡ ማለፉን በቀስታ ነገረቻቸው። ሩፈይዳ ነፍሰ ገዳይ ይዛ አንዲት ቁና እህል መመለስ አቃታት፤ አፈረችም።

«ያ ረቢ። እንግዲያ ከብት ልልቀቅበት» አሉ ወይዘሮ ዘይቡ።

አይልቀቁ ያላቸው አልነበረም።