የአባባ ጀይሉ አሥራ አንድ ጁምዓ

«አባባ፣ ይህቺን ለብቻዎ ይስሙኝ። ኢልሃም፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊና አንቺ ዞር በይ። ብትሰሚ አውቅብሻለሁ!»

ኢልሃም ዞር አላለችም። ብትዞርስ ስልኩን የምታስደግፍበት ጆሮ የት አለ? አያቷ አባባ ጀይሉ አፈር ከለበሱ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ የግራሩ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ስልኩን ወደ ራሷ ጆሮ አስጠጋች። አርብ ነው። አብዛኞቹ ወንዶች ለጁምዓ ወጥተው ግቢው ጭር ብሏል። የእህቷ የዓፊያ ድምፅ ከሪያድ፣ ከሰው ቤት ማድ ቤት፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። አሠሪዎቿ አርብ አርብ ወደ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ ብቻ ነው የቤቱን ዋይፋይ እንደ ልቧ የምታገኘው።

«ውሌ በሁለት ወር ያልቃል። ትመጣለች ብላችሁ በር በሩን እንደምታዩ አውቃለሁ። ግን ሁለት ዓመት ልጨምር ነው፣ አባባ። ለእማ እንዳይነግሩብኝ፣ ታለቅሳለች። ባለፈው የላኩልኝ ድምፅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ‹መካን ሳላይ አልሞትም› ያሉት። እኔ ልጅዎ እዚሁ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንቱ ሳያዩዋት ቢቀሩ ምን ልባል ነው? ሁለት ዓመት ብሠራ ሐጅ አስመጣዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ። እሁድ ቢሮው ሲከፈት እፈርማለሁ። ያለ አንቱ ምርቃት ግን እስክሪብቶ አላነሳም። ዛሬውኑ ይመርቁኝ፣ እ? እጠብቃለሁ።»

ከኋላ የሌላ ሴት ድምፅ ተሰማ። «ተይ በቃ ዓፊያ፣ ወጡ አረረ!» ሰዓዲያ ናት። የአጎራባቹ ከተማ የጨፋ ሮቢት ልጅ ስትሆን እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከዓፊያ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ትሠራለች። አርብ ከሰዓት ሾልካ እየወረደች ከዓፊያ ጋር እስከ መግሪብ ሶላት ትቀመጣለች።

ድምፁ አለቀ። ኢልሃም ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ነገሩ የተጀመረው በስንፍና ነው። ኢልሃም ለራሷ ልትዋሽ ብትሞክርም ይህንን አትረሳውም። ቀጥታ መደወል ሁለት ቃል ሳይነጋገሩ ካርዱን ስለሚጨርስ፣ ቤተሰቡ ከዓፊያ ጋር የሚገናኘው በድምፅ መልእክት ነበር። ለዚያ የኢልሃም ትንሿ የሳምንት ፓኬጅ ትበቃለች። በየአርቡ አባባ ጀይሉ ከጁምዓ መልስ ስልኩን እንደ ኩባያ በሁለት እጃቸው ይይዙና ይጮኻሉ። ባቲ ገበያ ግመል ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቁም። «ዝግ ይበሉ አባባ፣ ይሰማል» ስትላቸው «ባሕር ተሻግሮ ይድረሳት እንጂ!» ይሏታል። መጀመሪያ ሁልጊዜ «ኛቴ? በልተሻል?» ነው፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ምርቃት።

ከዚያ ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ መጣ። አባባ ግን አላቋረጡም። «ይቀመጥ፣ መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል» እያሉ አሥራ አንድ አርብ ተናገሩ፤ ኢልሃም አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳች። ኔትወርኩ ሲመለስ የላከችው አዲስ የቀዳችውን አንዱን ብቻ ነበር። ሌላው አሮጌ ነው፣ ፓኬጅ ይበላል ብላ ተወችው። ለአባባ ግን «ሁሉም ደርሷታል» አለቻቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው።

አባባ ሲሞቱ የቀብሩ ማግስት አባቷ እንድሪስ ቤተሰቡን ሰበሰበ። «ለዓፊያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ። «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ስትመጣ ትስማ።»

«የሳቸውን ድምፅ ብትጠይቅስ?» አለች እናቷ ሰዒዳ።

 ያኔ ነው ኢልሃም አፏን የከፈተችው። «እኔ ጋ አለ። ያልተላከ አሥራ አንድ አለ።»

አባቷ ራሷን ዳበሳት። «ማሻአላህ! አላህ ያሳድግሽ። ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለ። ስንፍናዋ ብልህነት ተብሎ ተመረቀላት። ኢልሃምም ምርቃቱን ዋጠችው፤ እንዲያውም ጣፈጣት።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይመስል ነበር። አንድ ጊዜ ዓፊያ «ጥርስዎ ተሻለዎት?» ብላ ጠየቀች። የተላከላት መልስ ግን ስለ ዝናብ ነበር፤ ዝናቡ እንዴት እንደ ጣለ፣ ቦርከና እንዴት እንደ ሞላ። ወሩ ደረቅ ነበር። «በዚህ ወር ዝናብ? አላህ ይወዳችኋል!» አለች ዓፊያ። ኢልሃምና ጓደኛዋ ነፃነት ይህን ሰምተው አጥሩ ሥር በሳቅ ተንከባለሉ። «ሼባው ጀግና ናቸው፣ ሞተውም ያወራሉ!» ብላ ነበር ነፃነት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የፈተና ሰሞን ነበር። ኢልሃም የተረፉትን ድምፆች እስከ መጨረሻው መስማት ሰልችቷት፣ የአንዱን መጀመሪያ ብቻ ሰምታ ላከችው። አሁን ከፈተችውና ያላዳመጠችውን ጫፍ ሰማች።

«ባለፈው ሲያመኝ መለከል መውት ነፍሴን ሊወስድ መጥቶ ነበር፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ!» ይላሉ አባባ እየሳቁ። «እኔ ደላላ አይደለሁ? ተከራከርኩት። መካን ሳላይ አልሞትም፣ ዋጋው ይኸው ነው አልኩት። ትቶኝ ሄደ!»

«ዛሬ ደሞ ሼባው ምን አሉ?» ነፃነት ሸንኮራ እየመጠጠች መጥታ አጠገቧ ዘጭ አለች።

ኢልሃም ሳትስቅ የዓፊያን መልእክት አሰማቻት። ነፃነት ማኘኳን አቆመች።

«እና ምን ችግር አለው? አንዱን ላኪላትና ክላስ እንግባ።»

«ምርቃት ነው የጠየቀችው፣ ደደብ። ሁሉም በምርቃት ነው የሚያልቀው። የትኛውንም ብልክላት ፈርሚ ማለት ነው።»

«አትላኪያ በቃ!»

«አሟቸው ነው ብላ ታብዳለች።»

ነፃነት የሸንኮራውን ምጣጭ ተፋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «እኔ ብሆን ግን… እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር እንዳወራ አድርጋኝ ቢሆን፣ ዓይኗን አላይም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች ኢልሃም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ስትሸነፍ እንዲህ ነው የምትለው፤ ነፃነትም ታውቃታለች።

እናቷ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ አውቶብሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ቦታ፣ ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። ኢልሃም ስትደርስ የደሴ አውቶብስ ገና መቆሙ ነበር። ሰዒዳ ሳህኑን ወደ መስኮቶቹ ከፍ አድርጋ ትጣራለች።

«ምነው? ክላስ የለም እንዴ?»

«እማ፣ ይሄን ስሚ።»

«ገበያዬን እያየሽ? ቆይ።»

«አሁን ስሚ።»

እናቷ ፊቷን አየችና ሳህኑን አስቀመጠች። ኢልሃም ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከተተችላት። ሰዒዳ አንድ ማንጎ በእጇ እንደያዘች ቆማ ሰማች። «እናት፣ ማንጎው ስንት ነው?» አለ አንድ ሰው ከመስኮት። «እናት! አይሸጥም እንዴ?» ማንጎ የጠየቃትን ሰው ችላ ብላ አታውቅም ነበር። አውቶብሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ሰዒዳ ባዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ የምታነብ ይመስል ፊት ለፊቷን እያየች ቆመች።

«የመካውን ማን ላከላት?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ። እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም ነበር።»

ኢልሃም ስድብ ጠበቀች። ስድብ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ለስድብ መልስ አታጣም። እናቷ ግን ማንጎውን ቀስ ብላ ከሌሎቹ ጋር መለሰችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«የመጣች ቀን እንዲህ እላታለሁ ብዬ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ነግሬያታለሁ መሰለሽ» አለች። «ሁለት ወር ቀረ፣ ሁለት ወር ቀረ እያልኩ።»

«አትመጣም እኮ፣ እማ። እሁድ ልትፈርም ነው። ለሌለ ሰው ሐጅ።»

«አባትሽ ይምጣና…»

«አባ ጨፋ ወርዶ እርሻው ላይ ነው። እስኪመጣ ይመሻል።»

«መርዶ ደግሞ በጠዋት ነው የሚነገር። ሰው ዙሪያዋን ከቦ፣ ውኃ ተይዞ። በዚህ ሰዓት፣ በባዶ ቤት፣ ማን ይዟት?»

ኢልሃም ይህን መንገድ ላይ አስባበት ነበር። «ሰዓዲያ። ዛሬ እስከ መግሪብ አብራት ናት። ነገ ጠዋት ግን ማንም የላትም።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ኢልሃም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ለሰዓዲያ ድምፅ ላከች። ለማንም እንዲህ ተጨንቃ ተናግራ አታውቅም፤ ሁለት ጊዜ ጀምራ አጠፋችው። በሦስተኛው፣ «ሰዓዲያ፣ ለብቻሽ ሆነሽ ስሚኝ» አለች። «አባባ ጀይሉ አርፈዋል። ለዓፊያ ዛሬ ልንነግራት ነው። አጠገቧ ትሆኚልናለሽ?»

መልሱ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀም። ሰዓዲያ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«እኔማ በሞቱ በሳምንቱ ነው የሰማሁት። ሮቢት ምን ይደበቃል? እናንተ እስክትነግሯት ብዬ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። በየአርቡ የሳቸውን ድምፅ ከፍታ አብረን ነው የምንሰማው፣ ታውቂያለሽ? እሷ ትስቃለች፣ እኔ ወጥ አማስላለሁ። ዛሬም ላስቆማት ሞክሬ ነበር። በይ ደውሉ። እኔ እይዛታለሁ፣ ወላሂ አለቃትም።»

ሰዒዳ ይህንን በማዳመጫው ሰማች። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ከጉያዋ የተጣጠፉ ብሮችን አወጣች፤ የጠዋቱን ሽያጭ በሙሉ።

«ካርድ ግዢ» አለች። «ለቀጥታ። በኢንተርኔት ሲሆን ይቆራረጣል፤ መርዶ ተቆራርጦ አይነገርም።»

«አባስ?»

«ለአባትሽ እኔ አለሁ።»

ኢልሃም ካርዱን ከሱቁ ገዝታ እየሞላች ተመለሰች። ያልተላኩት ሦስት አርቦች ስልኩ ላይ ነበሩ። አንደኛዋን ልትከፍት ፈልጋ ተወቻት። እነዚህ የዓፊያ ናቸው። አንድ ቀን ትጠይቃት ይሆናል፤ ላትጠይቃትም ትችላለች። ዓይኗን ላታይ ትችላለች። ነፃነት ያለችው ልክ እንደ ሆነ ለነፃነት መንገር ይኖርባታል፤ እሱም ሌላ መርዶ ነው።

«አንቺ ንገሪያት ካልሽኝ እኔ እነግራታለሁ» አለች እናቷ። 

«አይ። የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ጎን ለጎን በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሌላ አውቶብስ መጥቶ ቆመ፤ ማንም ሳህን አላነሳም። ኢልሃም የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ አንድ ጆሮዋን በእጇ ደፍና ደወለች። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ተነሳ። በቀጥታ ተደውሎላት ስለማያውቅ የዓፊያ ድምፅ በደስታ ነበር የሚጮኸው፣ ባሕሩን ለማሻገር፣ ልክ እንደሳቸው።

«አባባ? ለመመረቅ ብለው ካርድ ሞሉ? አባባ!»

ኢልሃም የእናቷን እጅ ያዘች።

«አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ፣ ዓፊያ። ቁጭ በይ። ሰዓዲያ አጠገብሽ ናት?»