ተቀምሶ የተሰጠ ውሃ

አቶ መኳንንት የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው፤ ከራስጌያቸው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጦ። ውሃው የተጣራ፣ ጠብታ የተጨመረበት፣ ደግሞም ተቀምሶ የተሰጠ ነበር። በመሐል ሜዳ ከተማ የእሳቸውን ያህል ለአፉ የሚጠነቀቅ ሰው አልነበረም፤ የገደላቸውም በአፋቸው የገባ ነገር ነው።

ኢንስፔክተር የምሥራች ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የመጣችው ሰውየው በሞቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ወላጆቿ ሥራዋን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ስም ባወጡላት ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በገባችበት ቤት ሁሉ የምሥራች ይዛ ገብታ አታውቅም። ብርዱ ጆሮዋን እየቆረጠው ጣቢያው ስትደርስ ሳጅን ምንተስኖት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ሰውየውን ይዘነዋል። ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፊርማዬ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መጀመሪያ ሰውየውን አሳየኝ።»

ሙሐመድያሲን ይባላል፤ በየቤቱ የውሃ ማጣሪያ የሚገጥም ነጋዴ ነው። ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አለችው።

ሙሐመድያሲን ሳጅኑን አየው።

«ወድቆ ነው» አለ ሳጅኑ።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲወድቅ ነበር?» ብላ ፊቷን ወደ እስረኛው መለሰች። «በል፣ ምንም እንደማላውቅ ሰው አድርገህ ስለ ውሃው አስረዳኝ።»

«የቧንቧችን ውሃ ኖራ ይበዛበታል። የአቶ መኳንንት ኩላሊት ደግሞ ደክሟል። ሐኪማቸው አጣርተው ይጠጡ ብሎ አዘዘና እኔ ማሽኑን ገጠምኩላቸው። ማሽኑ ግን መጥፎውንም ጥሩውንም አንድ ላይ ነው የሚያወጣው። ውሃው ባዶ ይሆናል፣ አፍ ላይ ምንም አይልም። ስለዚህ ማዕድኑን የሚመልስለት ጠብታ አለ፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም። ለአንድ ጆግ አሥር ጠብታ ሲገባበት ልክ የምንጭ ውሃ ይሆናል።»

«ፖታሲየምስ?»

«የሌለበትን ነው ያመጣሁት። ሐኪሙ ራሱ ጽፎ ሰጥቶኛል። ለእሳቸው ኩላሊት ፖታሲየም መርዝ ነው።»

«መቼ አመጣህላቸው?»

«ማሽኑን የገጠምኩ ለት፣ ከመሞታቸው አርባ ቀን በፊት። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።»

የምርመራው ውጤት የምሥራች ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከሟች ቤት በተወሰደው የጠብታ ብልቃጥ ውስጥ የተገኘው የፖታሲየም ጨው ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ጥቂት ቢቀምሰው ሸንቶት ያድራል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ልብ ግን ቀጥ ትላለች። ለከተማው ሰው ነገሩ ቀላል ነበር። ጠብታውን ማን አመጣው? ሙሐመድያሲን። የሱቁን መስታወት በድንጋይ አርግፈውታል፤ ሚስቱ ራህማ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሸሽታለች። የምሥራች ዛሬ ሌላ ሰው ካላገኘች ይህ ሰው ነገ በነፍስ ግድያ ይቆማል።

ብልቃጡን አስመጣችና በጣቷ ጫፍ ነክራ ላሰችው።

«ኧረ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ ደንግጦ።

«አትስጋ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው» አለችና እንትፍ አለች። ጨውነት ያለው ክፉ መራራ ነገር ነበር።

የሟች ቤት የተያዘው በታላቅ እህታቸው ነው። እትዬ ጥሩሸዋ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እዚህ ይኖራሉ፤ ልጅ አልወለዱም፤ የወንድማቸውን ልጅ ወንድምአገኝን አሳድገዋል። ጥቁር ለብሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ወንድሜ ሳይቀመስ አይጠጣም» አሉ። «ጠላም ይሁን ውሃ፣ የቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ አፉ አያደርሰውም። እንግዳ ፊት እንኳ ያስቀምሰን ነበር።»

«ጠላ የቀዳ መቅመሱ የሁላችንም ወግ ነው፣ እትዬ። ውሃ ማስቀመስ ግን አልሰማሁም።»

«ከኮከብ ወዲህ ነው።»

ኮከብ የአቶ መኳንንት ሚስት፣ የወንድምአገኝ እናት ነበረች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ባላንጣቸው እንታረቅ ብሎ ጠርሙስ አረቄ ላከላቸው። አቶ መኳንንት ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና ሚስታቸውን ጠርተው «ቅመሺው» አሏት። ኮከብ ቀመሰች፤ ሳይመሽ ሞተች።

«ሬሳዋ አጠገብ ቆሞ ‹እንኳን ቀመሰችው› አለ» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ልጇ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ቀሚሴን ይዞ ይሰማል። በሳምንቱ ቀማሹ እሱ ሆነ። ሳረጅ እኔ ልቅመስ ብዬ ተቀበልኩት።»

«እርስዎ ለምን?»

«አርጅቻለሁ። እኔ ብሞት ምን ይጎድላል?»

የምሥራች ደብተሯን አወጣች። «የሞቱ ለት፣ እሑድ ጠዋትስ ማን ቀመሰ?»

«እኔ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀድቼ፣ ቀምሼ ሰጠሁትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።»

«ጣዕሙ እንዴት ነበር?»

«እንደ ወትሮው፣ ለስለስ ያለ ነው። እሱ እንኳ መረረኝ ብሎ ነበር፤ ግን ከታመመ ወዲህ ማሩም ይመረው ነበር።»

«መርዶውን የት ሰሙ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ። ገና አፌን በነጠላዬ እንደሸፈንኩ ነው ጎረቤቶቼ ያረዱኝ። አልቅሼ እንኳ አልወጣልኝም።»

የምሥራች እስክሪብቶዋን ለአፍታ አቆመችና ቀጠለች። ሳጅን ምንተስኖት ያሸገውን ጓዳ አስከፈተች። ጆጉ፣ ብርጭቆው፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። የማንቆርቆሪያውን ክዳን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ከውስጥ ዙሪያውን ስስ ነጭ ነገር ይዞታል። ጣቷን በምራቋ አርሳ ፈተገችው፤ አልለቀቀም።

«ይህ የቆየ ነው?»

«ኧረ አዲስ ነው» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «አሮጌውን ኖራ በላውና ማሽኑ የገባ ለት ገዛንለት። ሻዩም ጠብታ ከገባበት ከዚያው ውሃ ነው የሚፈላለት።»

ወንድምአገኝን ያገኘችው በሥራ ቦታው ነው፤ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ ነው። ጆንያ እያስቆጠረ ነበር። ረጋ ያለ፣ ፀጉሩን በወጉ የተቆረጠ ጎልማሳ ነው።

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ክፍሌ ተኝቼ። ስነሳ አባቴ ሞተዋል።»

«ቀምሰህላቸው አታውቅም?»

«ልጅ ሳለሁ። አሁን እትዬ ናቸው የሚቀምሱት።»

«ከማሽኑ ውሃ ጠጥተህስ ታውቃለህ?»

«የእሳቸው ውሃ ነው፣ ማንም አይነካውም። ደግሞስ እንደ ሬት የሚመር ውሃ ማን ይጠጣል?»

«ገዳዩ ሙሐመድያሲን ይመስልሃል?»

«ሌላ ማን አለ?» አለና ሰዓቱን አየ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በሟች ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ጥሩሸዋ መደቡ ላይ፣ ወንድምአገኝ ከአጠገባቸው፣ ሙሐመድያሲን እጁን እንዳቀፈ በሩ አጠገብ። ሳጅን ምንተስኖት ካቴናውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። የምሥራች ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከዚህ ልጀምር። ውስጡ ኖራ ይዟል። ማሽኑ ከቧንቧው ውሃ ኖራውን ያወጣል፤ ማንቆርቆሪያው የተገዛውም ማሽኑ በገባበት ቀን ነው። እንግዲህ ይህ ነጭ የመጣው ከጠብታው ነው። ብልቃጡ ውስጥ ዛሬ ያለው ግን ኖራ የሚያስይዝ ነገር አይደለም፤ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ጨው ነው። ስለዚህ ሙሐመድያሲን ያመጣው ትክክለኛው ጠብታ ነው፤ አቶ መኳንንት ለሳምንታት ሲጠጡት ኖረዋል። አንድ ሰው በመጨረሻ ጠብታውን ደፍቶ ጨው በጥብጦ ሞላበት፤ ጆጉም ላይ ከአሥር ጠብታ አብልጦ ጨመረ። ያም ሰው የዚህ ቤት ሰው ነው።»

«እትዬ እኮ ራሳቸው ቀምሰዋል» አለ ሳጅኑ። «መርዝ መሆኑን እያወቀ የሚቀምስ አለ?»

«ይቀምሳል። እኔም ጠዋት ፊትህ ቀምሼ ይኸው ቆሜያለሁ። ጤነኛውን አይነካም፤ የሚገድለው አቶ መኳንንትን ብቻ ነው። ገዳዩ የተማመነው በዚህ ነው። ሟች በምላሳቸው ሳይሆን በሰው ጉሮሮ ነበር የሚያምኑት፤ ቀማሹ ቆሞ እስከታየ ድረስ ይጠጣሉ። ጨው ግን ይመራል። የቀመሰው ሰው መምረሩን ሳያውቅ አይቀርም። እርስዎ ግን ለስለስ ያለ ነበር ብለውኛል፣ እትዬ።»

«እኔ እንጃ» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

«ያን ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ አፍዎን በነጠላ ሸፍነው ነበር። ለምን?»

«ቆርቤ ነዋ» አሉና ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሌሊቱን ውሃ ባፉ ያዞረ ሰው አይቆርብም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀምሰው ከሆነ በሥጋ ወደሙ ላይ ደፍረዋል። ካልቀመሱ ደግሞ ዋሽተውኛል። የቱን ልጻፍ?»

ጨካኝ ጥያቄ ነበር፤ የምሥራችም ታውቀዋለች። ደብተሯን ከፍታ ጠበቀች። የእኚህ ሴት ሀብት ጾማቸውና ያሳደጉት ልጅ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ስጡኝ ማለቷ ነበር። እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ጨምድደው ያዙ።

«አልቀመስኩም» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ቀመሰ?»

«እኔ የቆረብኩ ለት ልጄ ነው የሚቀምስለት። ክፋት የለውም እኮ። መረረኝ ሲልም በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱ ነው ‹እኔ ነኝ ካልሽ ይጠረጥሩኛል፣ አንቺን ማንም አይጠረጥርም› ያለኝ።» ወደ ወንድምአገኝ ዞሩ። «ንገራት እንጂ፣ ልጄ። ቀምሰህ እንደሰጠኸው ንገራት።»

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ሙሐመድያሲን ይህ ውሃ የምንጭ ውሃ ይመስላል ብሎኛል፤ እትዬም ለስለስ ያለ ነው ብለውኛል» አለች የምሥራች። «ከሟች በቀር እንደ ሬት ይመራል ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። የመረረው ደግሞ የመጨረሻው ጆግ ነው፤ ያንን ያልቀመሰ አያውቀውም። የፖታሲየሙ ጨው ፖታሽ ተብሎ መጋዘንህ ውስጥ በጆንያ ተቀምጧል። እትዬ የሚቆርቡበትን ቀን ጠብቀህ ቀማሽ ሆንክ።»

ወንድምአገኝ ያን ጊዜ ቀና አለ። «ቀምሼ ነው የሰጠሁት» አለ። አባቱን ‹እሳቸው› ማለቱንም ተወው። «ፊቱ ቆሜ፣ እንዳስተማረኝ አድርጌ ጠጣሁለት። እሱ ደግሞ እናቴን እንዳየ አየኝ፤ ወደቀ አልወደቀ ብሎ። አለመውደቄን አይቶ ጠጣ። አረቄው መርዝ መሆኑን ጠርጥሮ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ባይጠረጥር ለምን አስቀመሳት?»



«ስለ እናትህ እውነትህን ነው» አለች የምሥራች። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደቆመው ሰው አመለከተች። «ይህስ ሰው ምን አደረገህ?»

ወንድምአገኝ የሙሐመድያሲንን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «አንድ ሰው መያዙ አይቀርም ነበር» አለ።

«አባትህም ጠርሙሱን ሲያዩ ያሰቡት ይህንኑ ነው። አንድ ሰው መቅመሱ አይቀርም።»

እትዬ ጥሩሸዋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።  ሳጅን ምንተስኖት ካቴናውን ከኋላ ወደ ፊት ይዞት መጣ።

ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ወንድምአገኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ውሃ ለመነ። ሳጅኑ በፕላስቲክ ኩባያ ቀድቶ ሰጠው። ወንድምአገኝ ኩባያውን በታሰሩ እጆቹ ያዘና ወደ አፉ ሳያደርስ ቆየ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ውሃውን አተኩሮ ያየዋል።

«ቅመሰው» አለ ሳጅኑን።

ሳጅኑ ሳቀበትና ወደ ሥራው ሄደ።

ሙሐመድያሲን ስልኩንና ቀበቶውን ተቀብሎ ሊወጣ ነበር። ተመለሰ። ኩባያውን በግራ እጁ ወሰደና ካበጠው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰው። ወንድምአገኝ የሰውየውን ጉሮሮ እያየ ጠበቀ።

«ደህና ውሃ ነው» አለ ሙሐመድያሲን።

የቀረውን ወንድምአገኝ እግር ሥር ወለሉ ላይ ደፋው፤ ባዶውን ኩባያ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ። የምሥራች ከጠረጴዛዋ ሆና ሁሉንም አይታለች። ሙሐመድያሲን የሚፈታበትን ወረቀት ፈረመች፤ ለወንድምአገኝ ሌላ ውሃ ይቀዳለት ብላ ግን አላዘዘችም።