ከዋሻ የመጣው የዳቦ ሻጋታ

ሻጋታ ያስጠላታል። ያስጠላታል ሲባል እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ገና ስታየው ሆድ ዕቃዋ ይገለባበጣል። የእንጀራ ነገር ሆኖ ግን ሥራዋ የላቦራቶሪ ሳህን ማጠብ ነው፤ ሳህኑ ሁሉ ደግሞ ሻጋታ ያበቀለ።

ይባስ ብሎ ከሰው ሁሉ መርጣ የወደደችው ሻጋታ አጥኚውን! ከዋሻ ሲመለስ የሌሊት ወፍ ኩስ በጫማው ተሸክሞ ይገባል። ሽታው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል።

«ኤጭ! እዚያው ቁም!» ትለዋለች አፍንጫዋን ይዛ።

«ቆሜያለሁ፣ የኔ ጽዱ። ከዚህ ሆኜም ታምሪያለሽ።»

ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

አንድ ጠዋት ሳህን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሳህኑ ግራጫ ጸጉር አብቅሏል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው።

«የዳቦ ሻጋታ ነው! ሰው ነክቶት ከማያውቅ የዋሻ ግድግዳ ላይ! ነገ ለመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ይቀርባል። ቋሚ ሥራ ከሰጡኝ በነጋታው እናትሽን ሄጄ እጠይቃለሁ።»

እናቷ «ቋሚ ሥራ ለሌለው ልጄን አልሰጥም» ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

እሷ ግን ምራቋ መረራት። ባለፈው ሳምንት ቦርሳውን ስታጥብለት፣ በገዛ እጇ የቋጠረችለትን ዳቦ ሳይበላው በስብሶ አግኝታዋለች፤ ይኸው ግራጫ ጸጉር፣ ይኸው ጥቁር ነጠብጣብ። የዋሻውን ናሙና የሚጠርግበት ጥጥም ከዳቦው ጋር እዚያው የቦርሳው ኪስ ውስጥ ነበር። ዳቦውን ተጸይፋ ጣለችው፤ ተቀይማም ዝም አለች።

አሁንም ዝም ብትል ታገባዋለች።

ዐይን ዐይኑን አየችው። ደስታው አንጀቷን በላው።

«ዳቦዬን አልበላኸውም» አለችው፤ ሻጋታው ከዋሻው ሳይሆን ከዳቦዋ ወደ ጥጡ የተጋባ መሆኑንም እያለቀሰች ነገረችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ስብሰባው ቀረ፤ ቋሚ ሥራውም አብሮ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዐይኗ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ናሙናውን እንደገና ሊያነሳ ወደ ዋሻው ሲሰናዳ፣ ዳቦ በንጹህ ፌስታል ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ሸሸች።

ማምሻውን ተመለሰ። ያው ጭቃ፣ ያው ኩስ፣ ያው የሚያቅለሸልሽ ሽታ። በሩ ላይ ቆሞ ፌስታሉን ገልብጦ አሳያት።

«ፍርፋሪ የለም። ከዋሻው ውጭ ቁጭ ብዬ፣ እጄን ታጥቤ በላሁት።»

«አልተቀየምከኝም?»

«በራሴ አፍሬ ነው የጠፋሁት። አንቺ ባትነግሪኝ ስብሰባው ላይ ሰው ፊት እዋረድ ነበር። ሥራው ባይኖርም እናትሽን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉኝ ደግሜ እጠይቃለሁ።»

«እንዲህ እየሸተትክ?»

«ታጥቤ ነዋ!»

ትንፋሿን ዋጥ አደረገችና ከነኩሱ አቀፈችው።