ያልፈሰሰ ሻይ

ኢንጂነር ዩን ከአርባኛ ፎቅ ቢሮው ውስጥ የብረት ቁምሳጥን ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ታይፉን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሆንግ ኮንግን ሲያምስ አድሮ ጸጥ ብሏል። መርማሪ ማክ ሳውዪንግ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህንና አንድ ስኒ አየች። የእሷም ቤት ያለው ይኸው ነበርና ዓይኗን ቶሎ አነሳች።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ የሕንጻው ባለቤት ታም። «ነፋሱ ከምሥራቅ መጣ፣ ፎቁ ወደ ምዕራብ ዘመመ፣ ቁምሳጥኑም ወደ ምዕራብ ወደቀ። ጥፋቱ የዚህ ዘበኛ ነው። ከግድግዳው ጋር እሰረው ተብሎ ነበር!»

«አስሬዋለሁ ልጄ!» አለ ሁሉም አጎቴ ፋት የሚለው ሽማግሌ ዘበኛ ወደ ማክ ዞሮ። «በዚህ ዕድሜዬ ወህኒ ልታስገቢኝ ነው? ደህና አመሸህ የሚለኝ እኮ ኢንጂነሩ ብቻ ነበር።»

ማክ ተንበርክካ ምንጣፉን ዳሰሰች። ቢሮው ውስጥ ካለው የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት የፈሰሰው ውሃ የምንጣፉን ሰሜንና ደቡብ አርሶታል፤ ምሥራቁና ምዕራቡ ደረቅ ነው። የሟቹን ረዳት ኪትን ጠራቻት።

«ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ውሃው ለምን እንዲህ ፈሰሰ?»

«አራት ማዕዘን ፎቅ ነዋ ማዳም! ነፋሱ ስለታም ጥጎቹን ሲያልፍ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየተሽከረከረ ይስበዋል። ከመግፋቱ ይልቅ ወደ ጎን ማወዛወዙ ይብሳል። ኢንጂነሩ አቶ ታም የሚያሠሩት አዲሱ ፎቅ ጥጎቹ ይቆረጡ ብሎ ዛሬ ለከተማው አስተዳደር ሊያስረዳ ነበር።»

«ጥግ ከተቆረጠ የሚሸጠው ክፍል ያንሳላ!» ሲል ታም አመለጠው።

«እርስዎ የት አደሩ?» አለችው ማክ።

«ማዶ፣ ቤቴ። ፎቁ እንደ ጀልባ ሲንጠኝ አደረ፤ ሻዬ እንኳ ከስኒው ፈሰሰ።»

የታም መኖሪያ ፎቅ ጥጎቹ የተቆረጡ ናቸው። በአገሩ እምነት ተራራው ላይ የሚኖረው ዘንዶ ወደ ባሕሩ እንዲያልፍ ተብሎም መሐሉ ክፍት ተትቷል። ማክ ሁሉንም ሰብስባ ወደዚያ ወሰደቻቸው። የታም አሮጊት እናት ለሞቱት አያቶቻቸው የቀዱት ሦስት ስኒ ሻይ ከጸሎት መደርደሪያው ላይ ነበር።

«መቼ ቀዷቸው፣ እማማ?»

«ትናንት ማታ፣ አፋቸው ድረስ። ጠብታም አልፈሰሰ።»

ማክ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ቁምሳጥኑን ነፋስ ጥሎት ቢሆን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይወድቅ ነበር። የጣለው ሰው ፎቅ እንደ ዛፍ ወደ ነፋሱ መሄጃ የሚዘም መስሎታል። ኪት እንዲህ አትሳሳትም። አጎቴ ፋትም ማሰሪያውን ፈትቶ በራሱ ላይ ጥፋት አይጠራም። አቶ ታም ግን ሲናጡ አደርኩ አሉን። ይህ ቤት ዘንዶውንም ነፋሱንም ያሳልፋል፤ ሌሊቱን ንቅንቅ አላለም። ሲናጥ ያደረው ዩን የሞተበት ፎቅ ነው፤ እርስዎም የነበሩት እዚያ ነው። ይህንን ቤት እንዳይናጥ አድርጎ የነደፈልዎ ደግሞ ዩን ራሱ ነበር።»

«ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ የኖረውን ታም ነፋሱ አጋለጠው። «እማዬ ትመስክር! እዚሁ ነበርኩ!» ብሎ ጮኸ።

እናቱ ቀና አሉ። «ፈርቼ ሌሊቱን ሙሉ ስጠራህ ነበር ልጄ። ማንም አልመለሰልኝም።»

ታም በፖሊሶች መሐል ሲወጣ አጎቴ ፋት ከበሩ ጥግ ቆሞ አለቀሰ። ነጻ ወጥቷል፤ ግን የሚመለሰው ወደዚያው ባዶ የሕንጻ መግቢያ ነው። ማክ ትከሻውን ያዘችው።

«ማታ ከሥራ ስወጣ በእርስዎ በኩል ነው የማልፈው» አለችው። «ደህና አመሹ እልዎታለሁ።»